ቀድሞ የተለጠፈው ቀን፤ የአሜሪካ ተጓዥ ሰርከሶች የባቡር ማስታወቂያ ታሪክ

ብዙ ሕዝብ በተወሰነ ቀን ከአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብለት የሚፈልግ ማንኛውም ድርጅት ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው ቀኑን አስቀድሞ ማስታወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባስታወቀው ቀን በቦታው መገኘት ነው። በአገራችን በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ ቃሉን የሚያሰማው አንድ ሰው፣ ቃሉን የሚፈጽመው ደግሞ ሌላ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ተጓዥ ሰርከሶችም ሥራቸውን የመሠረቱት በዚሁ ዓይነት ክፍፍል ላይ ነበር። አስታዋቂዎቹ ሳምንታት ቀድመው ያልፋሉ፤ ዝሆኖቹ፣ ፈረሶቹና ድንኳኖቹ ኋላ ይከተላሉ። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው የባቡር ሐዲድ ነው።

ይህ ታሪክ ሲያዩት የማስታወቂያ ታሪክ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው የሥራ ዕቅድ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ቀን ለተመልካቹ የደስታ ብሥራት ሲሆን፣ ለሠራተኛው ግን ሊሻር የማይችል ትእዛዝ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጭቃ መንገድ ወደ ሐዲድ

በአሜሪካ የመጀመሪያው ሰርከስ የሚባለው ጆን ቢል ሪኬትስ በ1793 በፊላደልፊያ ያሳየው የፈረስ ትርዒት ነው። ያን ጊዜ ትርዒቱ በቋሚ ሕንፃ ውስጥ ይታይ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ወደ ሰርከሱ ይሄዳል እንጂ ሰርከሱ ወደ ሕዝቡ አይሄድም። በ1825 ጆሹዋ ፐርዲ ብራውን የተባለው የሰርከስ ባለቤት በዴላዌር ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ ትርዒቱን በሸራ ድንኳን ውስጥ ባሳየ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ድንኳን ጧት ተተክሎ ማታ ይነቀላል፤ ስለዚህም ሰርከስ በየቀኑ ከተማ መለወጥ ቻለ።

ነገር ግን ጉዞው በፈረስ በሚጎተት ጋሪ፣ ያውም በጭቃ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ሌሊት የሚሄድበት ርቀት አጭር በመሆኑ፣ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ትንሽ መንደር ሁሉ፣ ገቢው ወጪውን ቢሸፍንም ባይሸፍንም፣ ማረፊያው ማድረግ ግድ ሆነበት። አስታዋቂውም ወረቀቱን በኮርቻው ወይም በቀላል ጋሪ ጭኖ ጥቂት ቀን የሚቀድም ፈረሰኛ ነበር። ዝግተኛ ትርዒት ዝግተኛ ማስታወቂያ ይበቃዋል።

በ1856 ስፖልዲንግና ሮጀርስ የተባሉ ባለቤቶች በተለይ በተሠሩ ፉርጎዎች የሚጓዝ ሰርከስ አቋቁመው ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የባቡር መስመሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በሰሜን ብዙው ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ በደቡብ 1,524 ሚሊ ሜትር፣ የኢሪ ኩባንያ መስመር ደግሞ 1,829 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ ምን ያህል እንቅፋት እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋት ግን 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። የሐዲድ ስፋት በተለወጠበት ጣቢያ ሁሉ ጭነቱን አውርዶ እንደገና መጫን ለነጋዴ ኪሣራ ሲሆን፣ ነገ ጧት በሌላ ከተማ ድንኳን መትከል ላለበት ሰርከስ ግን ሞት ነው። አገር አቋራጩ መስመር በግንቦት ወር 1869 ተጋጠመ፤ የደቡብ ኩባንያዎችም ግንቦት 31 እና ሰኔ 1 ቀን 1886 በሁለት ቀን ዘመቻ ሐዲዳቸውን ከሰሜኑ ጋር ለማቀራረብ አጠበቡ። ሰርከሱ የተስፋፋው እነዚህ እንቅፋቶች በተወገዱ መጠን ነው።

የ1872 ለውጥ

ዊልያም ካሜሮን ኩፕ ከዳን ካስቴሎና ከስመ ጥሩው ፊኒያስ ቴይለር ባርነም ጋር ተባብሮ በ1871 አንድ ትልቅ ሰርከስ አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1872፣ ይህን ግዙፍ ድርጅት በሙሉ በሐዲድ ላይ ለማውጣት ሲነሣ ብዙ ሰው ተጠራጠረው። ችግሩም ጭነቱ ነበር። ሰርከሱ የነበሩት ከባድ ሠረገላዎች ናቸው፤ እነዚህን ከጎን እያነሡ አንድ በአንድ በፉርጎ ላይ መጫን ሌሊቱን ይፈጀዋል።

በተለምዶ ለኩፕ የሚሰጠው መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነው። ግድግዳና ጣሪያ የሌላቸው ፉርጎዎች በተርታ ይቆማሉ፤ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ያለው ክፍተት በብረት ሳንቃ ይሸፈናል፤ በመጨረሻው ፉርጎ ጫፍ ላይ ዘንባይ መወጣጫ ይደረጋል። ፈረሶች በገመድና በመዘውር ሲስቡ፣ አንድ ሰው የሠረገላውን ምሶሶ ይዞ አቅጣጫውን እየጠበቀ፣ ሠረገላው ከባቡሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በፉርጎዎቹ ላይ ይነዳል። በማውረድ ጊዜ ገመዱ በቋሚ ግንድ ላይ ይጠመጠምና እንደ ፍሬን ያገለግላል። በመጀመሪያ ከባቡር ኩባንያ የተገኙት ፉርጎዎች እኩል ከፍታ ስላልነበራቸው ሥራው ብዙ አስቸገረ፤ በኋላ ሰርከሶቹ የራሳቸውን ረጃጅም ፉርጎዎች አሠሩ። የአጫጫኑም ቅደም ተከተል በአወራረዱ ተወሰነ፤ ጧት በቅድሚያ የሚፈለጉት ወጥ ቤቱና የድንኳኑ ምሰሶዎች ስለሆኑ፣ በቅድሚያ በሚወርዱበት ስፍራ ይጫናሉ።

የዚህ ለውጥ ትርፍ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ሰርከሱ ትንንሾቹን መንደሮች እየዘለለ በየሌሊቱ ከትልቅ ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ቻለ። ይሁን እንጂ የትንንሾቹ መንደሮች ሕዝብ አልተተወም፤ ኩፕ ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ፣ ትርዒት በሚታይበት ቀን ከዙሪያው ለሚመጡ መንገደኞች በቅናሽ ዋጋ ልዩ ባቡሮች እንዲሄዱ አደረገ። ስለዚህም ማስታወቂያው በከተማው ግድግዳ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀት እንዲለጠፍ ግድ ሆነ። ይህን ሥራ ፈረሰኛ ሊወጣው አይችልም። የማስታወቂያ ፉርጎ የተባለው ልዩ መሣሪያ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የማስታወቂያው ፉርጎ

ከሁሉ በፊት የሚሄደው ግን ፉርጎ አልነበረም፤ ድምፁን አጥፍቶ የሚጓዝ አንድ የውል ወኪል ነበር። እርሱም ለድንኳኑ የሚሆን ሜዳ ይከራያል፤ ከከተማው ሹማምንት ፈቃድ ያወጣል፤ ለእንስሳቱ ድርቆሽ፣ አጃና ውሃ፣ ለሠራተኞቹ ሥጋና ዳቦ ይዋዋላል። ከባቡር ኩባንያው ጋር የሚደረገው ውል ደግሞ የሁሉም ቁልፍ ነው። በአብዛኛው ፉርጎዎቹ የሰርከሱ፣ ሳቢው ሞተር፣ ነጂዎቹና ሐዲዱ የኩባንያው ነበሩ። የጉዞውን መሥመር የሚነድፉት ሰዎች የሐዲዱን ካርታ ብቻ አይመለከቱም፤ አዝመራው የሰመረበትን ወይም የጠፋበትን አገር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ የሚቀበሉበትን ቀን፣ ተቀናቃኝ ሰርከስ የሚያልፍበትን ሳምንት ጭምር ያጠናሉ። ቀኑ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላከው ይህ ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው የማስታወቂያ ፉርጎ ከትርዒቱ 3 ወይም 4 ሳምንት ቀድሞ ከተማው ይደርሳል። በትልልቆቹ ሰርከሶች ዘንድ ሁለተኛና ሦስተኛ ፉርጎም ነበር፤ እነዚህ በየሳምንቱ ልዩነት ይከተላሉ። ፉርጎው ከተራ የመንገደኞች ባቡር ጋር ተቀጥሎ ይሄድና በጣቢያው የማቆያ ሐዲድ ላይ ይተዋል። በውጪ በደማቅ ቀለምና በትልልቅ ፊደላት ያጌጠ ስለሆነ፣ መቆሙ ራሱ ማስታወቂያ ነበር። በውስጡ የለጣፊዎቹ ተደራራቢ አልጋዎች፣ የወረቀት መደርደሪያዎች፣ የኃላፊው ትንሽ ቢሮና ሙጫ ማብሰያ የእንፋሎት ቦይለር ይገኛሉ። ሙጫውም ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ በእንፋሎት የሚበስል ነው። ብዙ በርሜል ሙጫ በየቀኑ ትኩስ ሆኖ መዘጋጀት ስለ ነበረበት፣ ከፉርጎው ዕቃዎች ሁሉ ያለ ቦይለሩ ሥራ አይጀመርም ነበር።

ለጣፊዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ገሚሶቹ በኪራይ ጋሪዎች ተሳፍረው ወረቀትና ሙጫ ጭነው ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ጋሪ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ ተወስኗል። ገሚሶቹ የከተማውን አጥርና የመጋዘን ግድግዳ ይይዛሉ። ሌሎች ደግሞ በየሱቁ እየገቡ ባለሱቁ በመስኮቱ ሥዕል እንዲሰቅል ይጠይቃሉ። ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን ነፃ የመግቢያ ቲኬት ነበር፤ ጎተራው ላይ እንዲለጠፍ የፈቀደ ገበሬም እንደዚሁ ቲኬት ይሰጠዋል። ነገር ግን ሰርከሱ ቲኬቱን በከንቱ አይጥልም። ከኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ መንገዱን ተከትሎ ወረቀቱ አለመቀደዱንና አለመሸፈኑን ይመረምራል፤ ሥዕሉ ከሌለ ቲኬቱ ዋጋ አይኖረውም። ማታ ሁሉም ተመልሰው ምን ያህል ወረቀት የት እንደ ለጠፉ ለኃላፊው ያስመዘግባሉ። ፉርጎው ዳግመኛ ከባቡር ጋር ተቀጥሎ፣ ለጣፊዎቹ ተኝተው ሲነቁ ሌላ ከተማ ይሆናሉ።

ይህ አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የማስታወቂያው ፉርጎ እንደ ሰርከሱ ሁሉ በቀን አንድ ከተማ እየሠራ በሌሊት ይጓዛል። ለትልቁ ባቡር ሳምንታት የቀደመ ትንሽ አምሳያው ነበር ማለት ይቻላል።

ሥዕሉና ቀኑ

የሚለጠፈው ወረቀት በሁለት የተከፈለ መሆኑ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ባለ ብዙ ቀለሙ ሥዕል በሊቶግራፍ ይታተማል። በዚህ ሙያ የታወቀው የሲንሲናቲው የስትሮብሪጅ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ አንዱ ወረቀት በግምት 71 በ107 ሴንቲ ሜትር ነበር። ብዙ ወረቀት ጎን ለጎን እየተገጣጠመ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናል፤ የ24 ወረቀቱ ሥዕል ወደ 2.7 ሜትር ቁመትና ወደ 6 ሜትር ርዝመት ነበረው። ለጣፊው ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ እያንዳንዱን ወረቀት ከጎረቤቱ ጋር ሳይዛነፍ ማጋጠም ይጠበቅበታል።

እንዲህ ያለ ውድ ሥዕል ለእያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ሊታተም አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉ ለሁሉም ከተማ አንድ ሆኖ በብዛት ይታተማል፤ የከተማው ስምና ቀኑ ደግሞ በርካሽ ዘዴ በተለየ ቁራጭ ወረቀት ታትሞ ከሥዕሉ በታች ይለጠፋል። የማይለዋወጠውን ክፍል በጅምላ አዘጋጅቶ፣ የሚለዋወጠውን ብቻ በመጨረሻ መጨመር ለዘመናችን ፋብሪካዎች የተለመደ ስልት ነው፤ የሰርከስ ሰዎች ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይሠሩበት ነበር።

ሥዕሉና ቁራጭ ወረቀቱ በእውነተኛነትም አይተካከሉም። ሥዕሉ ያለ ልክ ያጋንናል፤ ጉማሬው እንደ ተራራ ይገዝፋል፤ ደርዘን ዝሆን መንጋ ይሆናል። በ1884 ባርነም ከእስያ ያስመጣው «ነጭ ዝሆን» አመድማ ሆኖ ቢገኝ፣ ተቀናቃኙ አዳም ፎርፖ ተራ ዝሆን ነጭ ቀለም ቀብቶ «የእስያ ብርሃን» በሚል ስም አሳየ። ሕዝቡ በዚህ ሁሉ እየሳቀ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ቀኑ ሐሰት ቢሆን ግን ሊያስቅ የሚችል ነገር አልነበረም። ገበሬው ሥራውን ትቶ፣ ልጆቹን አሳፍሮ፣ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ባዶ ሜዳ ቢያገኝ፣ ያ ሰርከስ በሚቀጥለው ዓመት ማን ያምነዋል? ልዩ ባቡሮቹን ያዘጋጀው ኩባንያስ እንደገና ይዋዋለዋልን? በሥዕሉ መቀለድ ይቻላል፤ በቁራጭ ወረቀቷ ግን አይቻልም።

የወረቀት ጦርነት

ሁለት ሰርከሶች ወደ አንድ ከተማ ሲያመሩ ቀኑ ራሱ መዋጊያ ይሆናል። ኋላ የሚደርሰው ሰርከስ «ታላቁ ትርዒት ይመጣል፤ ታገሡ» የሚል ወረቀት ያስለጥፋል፤ ሕዝቡ ገንዘቡን ለፊተኛው እንዳያወጣ ለማዘግየት ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚላኩ ልዩ ጓዶች ነበሩ። አንዱ የለጠፈውን ሌላው በሌሊት ይሸፍናል፤ የተሸፈነው ደግሞ በላዩ ላይ ይለጥፋል፤ ጠቡ አንዳንዴ ከሙጫ ወደ ቡጢ፣ ከቡጢ ወደ ፍርድ ቤት ይደርስ ነበር። በዚህ ሩጫ ውስጥ የተጠቀሙት ማተሚያ ቤቶቹ ነበሩ። ባርነምና ፎርፖ በመጨረሻ ኪሣራው ስለ መረራቸው ታረቁ፤ በ1887 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አንድ ላይ ትርዒት አሳዩ። በ1907 የሪንግሊንግ ወንድማማቾች የባርነምና ቤይሊን ሰርከስ ሲገዙና በ1919 ሁለቱን ሲያዋሕዱ፣ የዚህ ጦርነት ትልቁ ምዕራፍ ተዘጋ።

ቃሉን መፈጸም

ከኋላ ለሚመጡት ሠራተኞች ተግባሩ ሌላ ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1883 የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች የጋራ የሰዓት አቆጣጠር እስኪያቋቁሙ ድረስ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይቆጥር ስለ ነበር፣ የጉዞ ሰዓት መንደፍ ብቻውን የሚያደክም ሥራ ነው። በሠራተኞቹ አጠራር «የ24 ሰዓት ሰው» የሚባለው ወኪል ትርዒቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን ከተማው ገብቶ፣ ሜዳው ጭቃ አለመሆኑን፣ ድርቆሹ መምጣቱን፣ ከጣቢያው እስከ ሜዳው ያለው መንገድና ድልድይ ከባዱን ሠረገላ መቻሉን ይመረምራል። ባቡሩ ሲደርስም የሚቀበለው እርሱ ነው።

የዚህን ሥርዓት አቅም ለመገመት የቡፋሎ ቢል ድርጅት ጥሩ ምሳሌ ነው። ትርዒቱ ሰርከስ ባይባልም የሚጓዘው በዚሁ ዘዴ ነበር። በ1895 የጉዞውን ሥራ ጄምስ አንቶኒ ቤይሊ ሲረከበው፣ በ190 ቀን ውስጥ በ131 ቦታዎች ትርዒት አሳይቶ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። እያንዳንዱ ቦታ አስቀድሞ በግድግዳ ላይ የተጻፈ ቀን ነበረው።

የቀኑ ዋጋ

ለእነዚህ ቀኖች የተከፈለው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሠራተኛው ቀን ይተክላል፤ ማታ ይነቅላል፤ ሌሊት በጠባብ አልጋ ላይ እየተንገጫገጨ ያድራል። ይህም ለወራት ይቀጥላል። ሰኔ 22 ቀን 1918 ከንጋቱ በፊት የሃገንቤክ–ዋላስ ሰርከስ በኢንዲያና ግዛት ከሚቺጋን ሲቲ ወደ ሃመንድ ሲጓዝ፣ ከሁለት ባቡሮቹ ኋለኛው አንድ ኩሽኔታ ግሎበት በመንገድ ቆመ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ባዶ የወታደር ማመላለሻ ባቡር ነጂ እንቅልፍ ወስዶት ስለ ነበር፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን ሁሉ አልፎ ሰዎች የተኙባቸውን አሮጌ የእንጨት ፉርጎዎች ደረመሳቸው። እሳትም ተነሣ። 86 ሰዎች ሲሞቱ ከ100 በላይ ቆሰሉ።

ከዚህ መዓት በኋላ ሰርከሱ ያጎደለው የሁለት ከተሞችን ትርዒት ብቻ ነበር። ትናንት ወረቀቱን ይሸፍኑበት የነበሩት ተቀናቃኞቹ መሣሪያና ተዋናዮች አዋሱት፤ የቀሩት ከተሞች ቀናቸውን አገኙ። ይህ በአንድ በኩል ሲታይ የሚያስመሰግን ጽናት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ የተለጠፈ ቀን ሐዘንን እንኳ የማይጠብቅ ጨካኝ ጌታ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚያነሣ ታሪኩን ያጎድለዋል።

የኋላ ኋላ አውቶሞቢል፣ ሲኒማና ሬዲዮ ሲስፋፉ የማስታወቂያው ፉርጎ አስፈላጊነቱ ቀነሰ፤ ለጣፊዎቹም በካሚዮን መሄድ ጀመሩ። የሪንግሊንግ ሰርከስ ሐምሌ 16 ቀን 1956 በፒትስበርግ የመጨረሻውን የድንኳን ትርዒት አሳየ፤ በትልልቅ አዳራሾች እየሠራ የባቡር ጉዞውን እስከ 2017 ቀጠለ። በ2023 እንስሳት በሌሉበት ትርዒት ሲመለስ ግን በባቡር አልነበረም። በዊስኮንሲን ግዛት፣ በባራቡ ከተማ በ1959 የተከፈተው የሰርከስ ሙዚየም ሠረገላዎቹንና ሥዕሎቹን ለትውልድ ጠብቋል።

ለመሐንዲስ ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ቁም ነገር ምንድን ነው? ማስታወቂያው የሰመረው ሥዕሉ ስላማረ ብቻ አይደለም። ቀኑን የሚያስለጥፈው ወገን ሐዲዱን፣ ጭነቱንና ሜዳውን የመረመረውን ሰው ቃል ሳይሰማ ቀን አላስለጠፈምና ነው። በውል ላይ የሚጻፍ የሥራ ማጠናቀቂያ ቀንም ከዚህ አይለይም፤ ሥራውን የለካ ሰው ያልመከረበት ከሆነ፣ ከነጩ ዝሆን ቀለም የተሻለ እውነት አይኖረውም። የለካው ሰው ደግሞ በሚለካበት ጊዜ የሠራተኛውን እንቅልፍ ከሒሳቡ ማጉደል የለበትም።

በአሜሪካ አሮጌ ሕንፃዎች ሲታደሱ ከሳንቃው ሥር የዚያን ዘመን የሰርከስ ሥዕሎች አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ሥዕሉ ደብዝዞም ቢሆን የከተማው ስምና ቀኑ የሚነበብበት ጊዜ አለ። በሥዕሉ ላይ ያለው አውሬ ምናልባት በዚያ መጠን ኖሮ አያውቅም፤ በዚያ ቀን ጧት ግን ባቡሩ ጣቢያው ደርሶ እንዲገኝ ብዙ ሰዎች እንቅልፋቸውን ሰውተዋል።